አንዷን ፕሮቲን ይዞ መጎተት፣ የጠፋች ቅድመ አያቷን ማስነሳት

በ2018 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የኖቤል ሽልማት ሲታወጅ ሁለት ዜናዎች በተከታታይ ቀናት መጡ። መጀመሪያ የፊዚክሱ፦ የሽልማቱ ግማሽ ለአርተር አሽኪን፣ ጥቃቅን ነገሮችን በሌዘር ብርሃን ቆንጥጦ መያዝ እንደሚቻል ላሳዩት ሰው። ያኔ የ96 ዓመት አዛውንት ነበሩ። በማግስቱ ደግሞ የኬሚስትሪው፦ ግማሹ ለፍራንሲስ አርኖልድ፣ ኢንዛይሞችን (ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖችን) ቤተ ሙከራ ውስጥ በዝግመተ ለውጥ መንገድ ላሻሻሉት።

ሁለቱ ዜናዎች ጭራሽ የማይተዋወቁ ይመስላሉ። ግን በሁለቱ መሃል ቁጭ ብለው የሚሠሩ ሰዎች አሉ። አንዲት ፕሮቲን በሌዘር ይዘው ይጎትታሉ፣ ከዚያ ደግሞ ይቺ ፕሮቲን ከየት መጣች ብለው ቢሊዮን ዓመታት ወደ ኋላ ይቆፍራሉ። ብዙዎቹ ዶክትሬታቸውን ጨርሰው ገና ቋሚ ቦታ ያልያዙ ፖስትዶክ የሚባሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ሥራችሁ ምንድን ነው ሲባሉ «የነጠላ ሞለኪውል ባዮፊዚክስና የፕሮቲን ዝግመተ ለውጥ» ይላሉ፤ ጠያቂው «አሃ» ይልና ወሬ ይቀይራል። እስቲ ዛሬ ወሬ ሳንቀይር እንየው።

ከመነሻው። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ የሚባሉ ቁርጥራጮች በተራ ተያይዘው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። የቁርጥራጮቹ ዓይነት 20 ነው፤ የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ የሚወስነው ጂን ነው። ሰንሰለቱ መጀመሪያ ሲወጣ ዝርግ ነው፣ ከዚያ ይታጠፍና ቅርጽ ይይዛል። ሥራ የሚሠራው ቅርጹን ሲይዝ ነው፤ ካልታጠፈ ብዙዎቹ ዋጋ የላቸውም። ለመታጠፍ የሚያስፈልገው መመሪያ እዚያው ሰንሰለቱ ላይ እንዳለ ያሳዩት ክርስቲያን አንፊንሰን በ1972 ኖቤል አግኝተውበታል።

ጥያቄው «እንዴት ይታጠፋል?» የሚለው ነው። ነገሩ የሚወሳሰበውም እዚህ ጋ ነው።

በተለመደው ሙከራ አንድ ፕሮቲን ለብቻው አይታይም። ጠብታዋ ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ አሉ፤ መሣሪያው የሁሉንም አንድ ላይ ያነብና አማካዩን ይሰጣችኋል። እንበል «ግማሽ ታጥፏል» አለ። ምን ማለት ነው? ግማሾቹ ሙሉ በሙሉ ታጥፈው ሌሎቹ ጭራሽ ሳይታጠፉ ቀርተው ነው? ወይስ ሁሉም መንገድ ላይ ደርሰው ቆመው ነው? አማካዩ ለሁለቱም ያው አንድ ቁጥር ነው፣ ታሪኩ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። መንገድ ላይ ለቅጽበት ብቻ ብቅ የምትል ቅርጽ ካለችማ ጭራሽ ተዋጠች፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሞለኪውል በራሱ ሰዓት ስለሚነሳ አንዱ እዚያ ሲደርስ ሌላው አልፎ ሄዷል።

ነጠላ ሞለኪውልን ለይቶ ማጥናት አዲስ ሐሳብ አይደለም። ቦሪስ ሮትማን በ1961 አንዲት ኢንዛይም የሠራችውን ሥራ በጥቃቅን ጠብታዎች ውስጥ ነጥለው ለክተዋል። ኔኸርና ሳክማን በ1976 በአንድ የሕዋስ በር የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት ለኩ። እኔ የምወደው ግን የ1997ቱን የጃፓኖች ሙከራ ነው። በሕዋሶቻችን ውስጥ ኤቲፒ የምትባለውን ጉልበት ተሸካሚ ሞለኪውል የምትሠራ ኢንዛይም አለች። መሃሏ ያለው ዘንግ እየተሽከረከረ ነው የምትሠራው የሚል ግምት ለዓመታት ነበር። ጃፓኖቹ የኢንዛይሟን አንድ ክፍል ገልብጠው መስታወት ላይ ለጠፉ፣ ዘንጉ ላይ የሚያበራ ረጅም ፈትል አሰሩበት፣ ማይክሮስኮፕ ውስጥ ገብተው አዩ። ፈትሉ ዞረ። በቃ፣ በዓይን የሚታይ ዙር። ይህን አማካይ በፍጹም ሊያሳያችሁ አይችልም፤ አንዱ ዘንግ ወደዚህ ሲያይ ሌላው ወደዚያ ስለሚያይ ድምሩ የቆመ ነው የሚመስለው።

አሁን ወደ አሽኪን ሌዘር እንመለስ። «የብርሃን ወረንጦ» እንበለው። ሌዘሩ በማይክሮስኮፕ ሌንስ አንድ ነጥብ ላይ ሲሰበሰብ የአንድ ማይክሮሜትር ያህል ስፋት ያላትን የፕላስቲክ ቅንጣት ወደ ነጥቡ ስቦ ይይዛታል። ፕሮቲን ግን ለዚህ እጅግ ትንሽ ናት፣ በቀጥታ አትያዝም። ስለዚህ በዘዴ ነው፦ ፕሮቲኗ ሁለት ቦታ ላይ የዲኤንኤ ቁራጭ ይያያዝባታል፣ የአንደኛው ዲኤንኤ ጫፍ ከአንዲት ቅንጣት ጋር፣ የሌላኛው ከሌላዋ ጋር ይጣበቃል። አንዷን ቅንጣት ሌዘሩ ይይዛል፣ ሌላዋ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ጫፍ ላይ በመምጠጥ ወይም በሁለተኛ ሌዘር ትያዛለች። ከዚያ ይጎተታል።

በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው። ተመራማሪዋ ስክሪን ላይ ሁለት ክብ ጥላዎች ታያለች። ታስጠጋቸዋለች፣ ታነካካቸዋለች፣ ቀስ ብላ ትለያቸዋለች። ምንም የለም። እንደገና። ምንም። እንደገና፤ አሁን ጥላዎቹ ሲራራቁ የጉልበቱ መስመር ከፍ ከፍ ማለት ጀመረ፣ የሆነ ነገር ይዟቸዋል ማለት ነው። ግን ምን? አንድ ዲኤንኤ ነው ወይስ ሁለት ጎን ለጎን? ለዚህ ጥሩ ማጣሪያ አለ፦ ባለ ሁለት ፈትል ዲኤንኤ 65 ፒኮኒውተን አካባቢ ሲጎተት በድንገት ይለቅና ይለጠጣል፣ መስመሩም ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠፍጣፋው እዚያ ላይ ከመጣ አንድ ነው፣ ሥራ ይቀጥላል። በእጥፉ ከመጣ ሁለት ናቸው፣ ይጣላል። አዲስ ቅንጣት፣ እንደገና ከዜሮ።

ፒኮኒውተን የኒውተን ትሪሊዮንኛ ነው። 100 ግራም ዕቃ እጃችሁ ላይ የሚጫነው 1 ኒውተን ገደማ ነው፤ እሱን ለትሪሊዮን አካፍሉት። በዚህ ልክ ስትለኩ የማይረብሽ ነገር የለም። የአየር ማቀዝቀዣው፣ ኮሪደር ላይ የሚራመድ ሰው፣ በር መዝጋት፣ ወሬ። ጠረጴዛው በታመቀ አየር ላይ እንዲንሳፈፍ የሚደረገው፣ ክፍሉም ብዙ ጊዜ ምድር ቤት የሚሆነው ለዚህ ነው። ሌዘሩ ራሱም ጣጣ አለው፤ በሚያነሳሳው ኦክስጅን ምክንያት ማያያዣው ቶሎ ይበጠሳል፣ ስለዚህ ኦክስጅን የሚያስወግዱ ኢንዛይሞች ውሃው ውስጥ ይጨመራሉ። አንድ ሞለኪውል ረዘም ላለ ጊዜ ሳይበጠስ ከሰነበተ የዚያን ቀን ምሳ ይዘለላል፣ ማንም ትቶ አይወጣም።

ይህ ሁሉ ልፋት ምን አስገኘ? በ2005 ቸኮኒ፣ ሻንክ፣ ቡስታማንቴና ማርኩዚ የሚባሉ ተመራማሪዎች ሪቦኑክሌዝ ኤች የምትባል የባክቴሪያ ኢንዛይም ጎተቱ። 155 አሚኖ አሲድ ያላት ትንሽ ፕሮቲን ናት። ሲጎትቷት ወደ 20 ፒኮኒውተን ተጠግታ በአንዴ ተተረተረች። ሲያላሉላት ግን በአንዴ አልታጠፈችም፤ 5.5 ፒኮኒውተን አካባቢ መሃል ላይ ያለች ቅርጽ ውስጥ ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ትገባለች። መስመሩ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ስትዘል በግልጽ ትታያለች። ወደ መጨረሻው ቅርጽ የሚደረሰውም በዚያች መሃለኛ ቅርጽ በኩል ነው። መሃለኛዋ እንዳለች በጅምላው ሙከራም ቀድሞ ፍንጭ ነበር፤ እርግጠኛ መሆን ያልተቻለው መንገዱ ላይ ያለች መተላለፊያ ናት ወይስ ወደ ጎን የወጣች የተሳሳተ ቅርጽ በሚለው ላይ ነበር። አንዷን ሞለኪውል ተከታትሎ ማየት ይህን ፈታ።

እሺ፣ ዝግመተ ለውጡ የት ገባ?

100 አሚኖ አሲድ ያላት ፕሮቲን ስንት ዓይነት ልትሆን ትችላለች? 20 በራሱ 100 ጊዜ ሲባዛ፣ ከ130 ዜሮ በላይ የሚሄድ ቁጥር ነው። ከእነዚህ ውስጥ የሚሠሩት እጅግ ጥቂት ናቸው። ታዲያ ተፈጥሮ ከአንዱ የሚሠራ ወደ ሌላው የሚሠራ እንዴት ተሻገረች? ጆን ሜይናርድ ስሚዝ በ1970 መልሱን በቃላት ጨዋታ አስረዱ። በእንግሊዝኛ ነበር፣ እኛ በራሳችን እንጫወተው። «ጤና»ን ወደ «ጫካ» እንለውጥ። ሕጉ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ፊደል ብቻ ይለወጣል፣ መሃል ላይ የሚወጣውም ሁሉ ትርጉም ያለው ቃል መሆን አለበት። ጤና፣ ጫና፣ ጫካ። ደረስን። አሁን እነዚያኑ ሁለት ለውጦች ተራቸውን ገልብጣችሁ ሞክሩ፦ ጤና፣ ጤካ... ቆም። ጤካ የሚባል ነገር የለም። ለውጦቹ ያው ሁለቱ ናቸው፣ መነሻውና መድረሻው ያው ነው፣ ግን አንዱ ተራ ያስኬዳል፣ ሌላው ገደል ይከታል። «ና»ን በ«ካ» መተካት ጫና ላይ ሲሆን ጠቃሚ ነው፣ ጤና ላይ ሲሆን ገዳይ ነው። ባለሙያዎቹ ይህን ኤፒስታሲስ ይሉታል፤ አንድ ለውጥ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚወሰነው ከእሱ በፊት በመጡት ነው።

ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ዳንኤል ዋይንራይክና ባልደረቦቻቸው በ2006 ቤታ ላክታማዝ የምትባለውን፣ ባክቴሪያዎች አንቲባዮቲክ የሚሰባብሩባትን ኢንዛይም ይዘው ይህንኑ ፈተሹ። አምስት ለውጦች አንድ ላይ ሲሆኑ ባክቴሪያው ሴፎታክሲም ለሚባለው መድኃኒት ያለውን መቋቋም 100,000 ጊዜ ገደማ ያሳድጉታል። አምስቱ በስንት ተራ ሊመጡ ይችላሉ? በ120። ከነዚህ 102ቱ ዝግ ናቸው፣ መሃል ላይ የሆነ እርምጃ ወይ ይጎዳል ወይ ምንም አይጠቅምም። የቀሩት 18 ናቸው፣ ከእነሱም ብዙዎቹ የመሆን ዕድላቸው አነስተኛ ነው።

ለምን ተዘጉ? እዚህ ላይ ነው ፊዚክሱ የሚመለሰው። 238ኛው ቦታ ላይ ያለው ለውጥ ኢንዛይሟን ለአዲሱ መድኃኒት ቀልጣፋ ያደርጋታል፣ ግን ቅርጿን ያላላል፣ በደንብ አትታጠፍም። 182ኛው ቦታ ላይ ያለው ለውጥ ለብቻው ለሥራዋ የሚፈይደው ነገር የለም፤ ሌላው ያላላውን ግን ያጠናክራል። ስለዚህ የ238ኛው ቀድሞ የ182ኛው ሲከተል ትርጉም አለው፣ ተራው ሲገለበጥ ግን የመጀመሪያው እርምጃ ምንም ጥቅም ስለሌለው የሚመርጠው የለም። ብዙ ሰው ዝግመተ ለውጥን «የተሻለው ያሸንፋል» ብሎ ያልፈዋል። ፕሮቲን ላይ ግን ቀልጣፋ መሆን ብቻ አይበቃም፣ መታጠፍም አለባት፣ መታጠፍ ደግሞ መንገድ ነው። ያ መንገድ ነው በአማካይ ውስጥ የሚጠፋው። ሁለቱ ሙያዎች የተጋቡት በዚህ ምክንያት ነው ባይ ነኝ።

ሌላም አስደናቂ ነገር አለ፦ ቅድመ አያቶችን ማስነሳት። ሐሳቡን በ1963 ያመጡት ሊነስ ፖሊንግና ኤሚል ዙከርካንድል ናቸው። በቀላሉ ሲነገር፣ የዛሬዋን ፕሮቲን ከብዙ ፍጥረታት ትሰበስባላችሁ፣ ፊደሎቻቸውን (አሚኖ አሲዶቹን ማለት ነው) ትደረድራላችሁ፣ የዘር ሐረጋቸውን ዛፍ ትሠራላችሁ፣ ከዚያ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ የነበረችው ቅድመ አያት ምን ዓይነት ቅደም ተከተል እንደነበራት በስታቲስቲክስ ታሰላላችሁ። ሐሳቡ ለረጅም ጊዜ ወረቀት ላይ ነበር። ዛሬ ግን የተሰላውን ጂን አዝዛችሁ ታሠራላችሁ፣ ባክቴሪያ ውስጥ ትከታላችሁ፣ ባክቴሪያው ፕሮቲኑን ያመርትላችኋል። ለቢሊዮን ዓመታት ያልነበረ ፕሮቲን፣ ወይም ለእሱ በጣም የቀረበ ነገር፣ ቱቦ ውስጥ ተቀምጧል።

በ2011 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የሁሊዮ ፈርናንዴዝ ቡድን ከሌሎች ጋር ሆኖ ሁለቱን ዘዴዎች አጋጠማቸው። ቲዮሬዶክሲን የተባለችውን ኢንዛይም ሰባት ቅድመ አያቶች አስነሱ፤ ዕድሜያቸው ከ1.4 እስከ 4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ የተገመተ። ከዚያ እንደተለመደው በጅምላ ብቻ አልለኩም፤ በአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ስል ጫፍ አንድ ሞለኪውል እየጎተቱ፣ ኢንዛይሟ በጉልበት የተወጠረ የሰልፈር ማያያዣ እንዴት እንደምትቆርጥ አዩ። የጥንቶቹ አቆራረጥ በዋናነት ከዛሬዎቹ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው፦ አንዳንዶቹ ቅድመ አያቶች ከዛሬዎቹ እስከ 32 ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት ይቋቋማሉ፣ በጣም ጥንታዊዎቹ ደግሞ አሲዳማ ውሃ ውስጥም ጎበዝ ናቸው። ከዚህ ተነስተው የጥንቱ ባሕር ሞቃትና አሲዳማ ነበር ከሚለው ሐሳብ ጋር አገናኙት።

እዚህ ላይ ግን ረጋ ማለት ይሻላል። ቅድመ አያት የምንላት የተሰላች ናት። ስሌቱ በየቦታው «በብዛት የሚታየውን» ወደ መምረጥ ስለሚያደላ፣ የሚወጣው ፕሮቲን ከእውነተኛው ይልቅ ጠንካራ ሊሆን ይችላል የሚል ክርክር አለ፣ ክርክሩም ተራ አይደለም። ጠንቃቃ ቡድኖች ለዚህ ሲሉ አንድ ብቻ ሳይሆን ሁለተኛ ደረጃ ግምቶቹን ይዘው ሌላ ቅጂ ይሠራሉ፣ ውጤቱ ካልተለወጠ ያምኑታል። አንድ ጽሑፍ ስታነቡ ይህን ማድረጋቸውን ፈልጉ። ካላደረጉ እኔ በግማሽ ልብ ነው የማነበው።

የማርኩዚ ቡድንም ሪቦኑክሌዝ ኤችን አልተወም። በ2016 የዚያችኑ ኢንዛይም ቅድመ አያቶች አስነስተው አስተጣጠፋቸውን ለኩ። ያቺ መሃለኛ ቅርጽ፣ በወረንጦው ስትዘል የታየችው፣ ሁሉም ላይ አለች። ወደ 3 ቢሊዮን ዓመት ፊደሎቹ እየተለወጡ መሃለኛዋ አልጠፋችም። የተለወጠው ፍጥነቱ ነው፤ ወደ ዛሬ በተጠጋን ቁጥር ፕሮቲኗ አንዴ ከታጠፈች ቶሎ የማትፈታ እየሆነች መጥታለች።

አሁን ስለ ፖስትዶኩ። ፖስትዶክ ተማሪ አይደለም፣ ፕሮፌሰርም አይደለም። ውሉ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ነው፣ ከዚያ ወይ ይታደሳል ወይ ሻንጣ ይሸከፋል። በዚህ ሙያ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፦ ሁለት ሰው የሚሠራውን አንድ ሰው ይሠራል። ሌዘር ማቃናት የሚችለው ፊዚሲስት ጂን መቁረጥና ፕሮቲን ማጥራት ሊማር ነው። የዘር ሐረግ ዛፍ መሥራት የሚችለው ባዮሎጂስት የኦፕቲክስ ጠረጴዛ ላይ መስታወት ሊያጠማዝዝ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ተሻጋሪ ታስቦ የተዘጋጀ ድጋፍ አለ፤ ሂዩማን ፍሮንቲየር ሳይንስ ፕሮግራም ዶክትሬታቸው ከሕይወት ሳይንስ ውጪ ለሆነ ሰዎች የሦስት ዓመት ፌሎሺፕ ይሰጣል።

እንዲህ ዓይነት ቦታ የምታስቡ ካላችሁ፣ ለኃላፊው ከሁሉም በፊት የምትጠይቁት ጥያቄ ስለ ሳይንሱ አይሁን። «መሣሪያው ዛሬ ይሠራል ወይስ እኔ ነኝ የምገነባው?» በሉ። መልሱ «ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው» ከሆነ፣ እናንተ ናችሁ የምትገነቡት። ሁለተኛው፦ ፕሮቲኑን የሚያዘጋጀው ማን ነው? ዲኤንኤ ማያያዙ ተሠርቶ ያውቃል ወይስ ሊሞከር ነው? አዲስ ፕሮቲን ላይ ማያያዣ ማስገባት ቀላል ይመስላል፤ ዲኤንኤው የሚያያዝበትን ባለ ሰልፈር አሚኖ አሲድ የት እንደምታስገቡ ተሳስታችሁ ፕሮቲኗ ካልታጠፈች ግን ወራት ይበላል። እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ ነውር የለውም። ጥሩ ኃላፊ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ትልቁ ያልተፈታ ችግር ግን ቁጥር ነው። አምስት ለውጦች 32 ዓይነት ፕሮቲን ይሰጣሉ፤ ይህ ያስኬዳል። አሥር ለውጦች 1,024 ይሰጣሉ። ለእያንዳንዱ ዓይነት ደግሞ የሚታመን ነገር ለመናገር ብዙ ሞለኪውል፣ ለእያንዳንዱ ሞለኪውል ያ የማነካካትና የመለየት ሥራ። በሌዘር ወረንጦ አንድ በአንድ ይህ አይሆንም። በማግኔት የሚጎትተው ዘዴ በመቶ የሚቆጠሩ ቅንጣቶችን በአንድ ጊዜ ይይዛል፣ በዝርዝር የሚያሳየው ግን ከሌዘሩ ያነሰ ነው። በሌላ በኩል የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2021 በጥቃቅን ቦዮች ቺፕ ላይ የአንዲት ኢንዛይም ከ1,000 በላይ ልውጦችን ባንድ ላይ ለክተዋል፤ በጅምላ ነው ግን፣ አማካዩ እንደገና ተመለሰ።

የፕሮቲንን ቅርጽ ከአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል የሚተነብየው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ አልፋፎልድ፣ አይፈታውም ወይ የሚል ይኖራል፤ ፈጣሪዎቹ በ2024 ኖቤል ተሸልመዋል፣ የሚገባቸውም ነው። ግን አልፋፎልድ የሚሰጣችሁ የመጨረሻውን ቅርጽ ነው። ፕሮቲኗ በየት በኩል እዚያ እንደደረሰች፣ መሃል ላይ የት እንደቆመች፣ አንድ ፊደል ሲቀየር ማቆሚያዋ ይጥፋ ወይም ይጠንክር አይነግራችሁም። ስለዚህ ለጊዜው ሥራው በወንፊት ነው የሚሄደው፦ ሺዎቹ በጅምላ ይለካሉ፣ ከእነሱ መሃል የዘር ሐረጉ መንገድ የተዘጋበት ወይም ያልተጠበቀ በር የተከፈተበት ቦታ ላይ ያሉት ጥቂት ልውጦች ይመረጣሉ፣ እነሱ ብቻ ምድር ቤት ወርደው ሌዘሩ ላይ ይሰቀላሉ። የትኞቹ ይውረዱ የሚለውን የሚመርጠው ፖስትዶኩ ነው፤ ከውሉ ዓመታት አብዛኛውን የሚወስነውም ያ ምርጫ ነው።